ቅዝቃዜ ሲብስ ቁጥሩ የሚጨምር ቴርሞሜትር

እንደምን አመሻችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዛሬ የማወራችሁ ከአገልግሎት ውጪ ስለሆነ አንድ የሙቀት ስኬል ነው። ደሊል ይባላል። ሴልሲየስን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፋራናይትን አሜሪካ ያለ ዘመድ ሲደውል እንሰማዋለን፤ «ዛሬ 90 ዲግሪ ነው» ሲለን መጀመሪያ እንደነግጣለን፣ ቀጥሎ እናሰላለን። ኬልቪንን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ተዋውቀነዋል። ደሊልን የሚያውቅ ግን እስቲ እጁን ያውጣ። እንደጠበቅኩት ነው።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ስኬሉ የተገላቢጦሽ ነው። ውሃ ሲፈላ ዜሮ ይላል። ውሃ በረዶ ሲሆን 150 ይላል። ሲሞቅ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሲበርድ ይወጣል። 20 ዲግሪ ሴልሲየስ የሆነ ደህና የአዲስ አበባ ከሰዓት በደሊል 120 ነው። የጤነኛ ሰው 37 ዲግሪ በደሊል 94.5 ይሆናል። ሰውየው ታሞ ትኩሳቱ 39 ሲገባ ቁጥሩ ወደ 91.5 ይወርዳል። እናት ልጇን ለክታ «ወይኔ፣ ወረደ!» ብላ ልትጮህ ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅና «ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው?» ይላል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ለሰውየው ልከራከርለት ነው። ስኬል ሲሠራ ሠሪው የት ሆኖ፣ ምን ሊለካ እንደፈለገ መጠየቅ አለበት። ደሊል የት እንደነበረና ምን ይለካ እንደነበር ስታውቁ የተገለበጠው ቁጥር ያን ያህል አያስቅም። ስኬሉ ደካማ ጎን አለው፤ እሱ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። እደርስበታለሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዦዜፍ ኒኮላ ደሊል በ1688 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ የካርታ ቤተሰብ ነበር ማለት ይቻላል። አባቱ ክሎድ ታሪክና ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጊዮም በዘመኑ ከነበሩት የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ግንባር ቀደሙ ነበር፤ በኋላም የንጉሡ ቀዳሚ ጂኦግራፈር ተብሎ ተሾመ። በነገራችን ላይ የእኛም አገር በዚያ ቤት አልፋለች። ጊዮም በ1707 ግብፅን፣ ኑቢያንና አቢሲኒያን የሚያሳይ ካርታ አሳትሟል።

ታናሽየው ያደላው ወደ ሰማይ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቅ ሆነ። በ1714 የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አባል አደረገው። በ1724 ለንደን ሄዶ ኒውተንንና ሃሌይን አገኘ። ኒውተን ራሱ በ1701 በተልባ ዘይት ቴርሞሜትር የራሱን የሙቀት ስኬል አውጥቶ እንደነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በዚያ ዘመን የራሱ ስኬል የሌለው ሊቅ ጥቂት ነበር።

ከዚያ የሩሲያ ነገር መጣ። ታላቁ ጴጥሮስ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ የሳይንስ አካዳሚ ሊያቋቁም አስቦ ከአውሮፓ ሊቃውንት ይጠራ ነበር። ደሊልም ተጠራ። ጴጥሮስ አካዳሚው ሥራ ሳይጀምር በ1725 መጀመሪያ ሞተ፤ ሚስቱ ቀዳማዊት ካትሪን ግን ዕቅዱን አልጣለችውም። ደሊል በ1726 ሴንት ፒተርስበርግ ገባ። ኔቫ ወንዝ ዳር ባለው፣ ኩንስትካሜራ በሚባለው ሕንፃ ማማ ላይ የከዋክብት መመልከቻ አቋቋመ። ያኔ ገና ወጣት የነበረው የሒሳብ ሊቅ ኦይለርም በዚያ መመልከቻ ከእሱ ጋር ሠርቷል። ደሊል ለጥቂት ዓመታት ብሎ ሄዶ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ።

«የከዋክብት ሰው ከቴርሞሜትር ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁ ይሆናል። ብዙ ነገር ያገናኘዋል። የኮከብ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ትንሽ ይጎብጣል። የመጉበጡ መጠን እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ይለያያል፤ አየር ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ ብርሃኑንም አብዝቶ ያጎብጣል። ከዚያ ደግሞ ሰዓቱ አለ። የፔንዱለሙ ዘንግ ብረት ስለሆነ በብርድ ያጥራል፣ ሰዓቱም ይፈጥናል። ስለዚህ የኮከብን ቦታ በትክክል እጽፋለሁ የሚል ሰው ከጎኑ ቴርሞሜትር ማስቀመጥ አለበት። ፓሪስ ላይ ሲሆን ልዩነቱ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ግን ክረምት ማለት ከዜሮ በታች 20፣ 25፣ አንዳንዴም 30 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው።

ደሊል በ1732 ገደማ ቴርሞሜትሮቹን በሜርኩሪ ሠራ። በዚያን ጊዜ ስኬል በሽ ነበር። የፋራናይት ነበረ። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ሬኦሚር በአልኮል የሚሠራ አውጥቶ ነበር። ደሊል ግን ሁለት ምልክት አድርጎ መሃሉን እኩል በመከፋፈል አልጀመረም። የመረጠው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ የሚፈላ ውሃ። ቴርሞሜትሩን የሚፈላ ውሃ ውስጥ ነከረና ሜርኩሪው የቆመበትን ቦታ ዜሮ አለው። ከዚያ ወዲያ የቆጠረው የሜርኩሪውን መኮማተር ነው። ሜርኩሪው ሲቀዘቅዝ መጠኑ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ በቀነሰ ቁጥር አንድ ዲግሪ ይቆጠራል።

ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ ዲግሪ ማለት ዝም ብሎ ቱቦ ላይ የተሠመረ መስመር አልነበረም። «ሜርኩሪው ይህን ያህል ተኮማተረ» የሚል ትርጉም ነበረው። ዜሮው መፍላት ላይ ከሆነና የሚቆጠረው መኮማተር ከሆነ ቁጥሩ ወደ ቅዝቃዜ ማደጉ ግድ ነው። ስሌቱ ራሱ ነው ወደዚያ የሚወስደው።

በዚህ አቆጣጠር ውሃ በረዶ የሚሆነው 1500 አካባቢ ነው። የተለመደው ቴርሞሜትር ደግሞ 2400 ድረስ ምልክት ነበረው። ለምን 2400? ለሴንት ፒተርስበርግ ክረምት ቦታ እንዲተርፈው ነው። በዛሬው ቋንቋ ከዜሮ በታች 60 ሴልሲየስ ማለት ነው። ሰፋ አድርጎ ነው የቆረጠው። በኋላ ቁጥሩ በዛ ተባለና አንድ ዜሮ ተነሣለት፤ ከመቶ ሺህ አንድ የነበረው ከአሥር ሺህ አንድ ሆነ።

እናንተው ልትፈትሹት ትችላላችሁ። ሜርኩሪ ከመፍላት እስከ በረዶ ሲወርድ መጠኑ 1.8 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ብርጭቆውም በዚያው ልክ ባይሆንም ይኮማተራል። በቱቦው ላይ የሚታየው ልዩነት ከአሥር ሺህ ከ150 ትንሽ በለጥ ይላል። ያ 150 የሚባለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም፤ ከሜርኩሪው ጠባይ ነው የመጣው። ለእኔ ከፋራናይት 32 እና 212 ይልቅ ይሄኛው ምክንያቱ ይታየኛል።

ሌላም ጥቅም ነበረው። ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ሰው በየጠዋቱ የሚጠይቀው «ስንት ሞቀ?» ብሎ አይደለም፤ «ስንት በረደ?» ብሎ ነው። ደሊል መልሱን በቀጥታ ይሰጣል። 160 ብርድ ነው፣ 180 ከባድ ብርድ ነው፣ 195 ከቤት አትውጣ ነው። የ«ሲቀነስ» ምልክት የለም። በየቀኑ በሻማ መብራት፣ በደነዘዘ ጣት ቁጥር ለሚጽፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዲት የሲቀነስ ምልክት ስትረሳ የዓመቱ መዝገብ ይበላሻል።

እንዲያውም ቅዝቃዜ ራሱን የቻለ ነገር ነው ወይስ የሙቀት አለመኖር ብቻ የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም ነበር። ከደሊል መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ጋሰንዲ የብርድ አቶሞች አሉ ብሎ ያስተምር ነበር። ብርድን ወደ ላይ መቁጠር በዚያ ዘመን ጆሮ የሚያስይዝ ነገር አልነበረም።

የራሴን ግምት ልጨምር። ደሊል የከዋክብት ሰው ነው። በሥነ ፈለክ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የኮከብ ድምቀት የሚቆጠረው በተገላቢጦሽ ነው። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ደማቁ ነው፣ ስድስተኛው በዓይን የማይታይ ሊሆን የደረሰው ነው። ዛሬም እንደዚያው ነው፤ ማንም አይስቅም። ኬሚስቶችም ፒኤች ሲለኩ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። እነሱንም አንስቅባቸውም። ደሊል ላይ ብቻ ለምን?

ለመዝናናት ያህል ስኬሉን እስከ ዳር ልውሰደው። ፍጹም ዜሮ የምንለው የመጨረሻው ቅዝቃዜ በደሊል 559.7 ላይ ይውላል። ማለትም ብርድ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። ሙቀት ግን ወደ ታች ማለቂያ የለውም። የፀሐይ ገጽ ሲቀነስ 8100 ገደማ ይሆናል። ፀሐይን ከዜሮ በታች የሚያደርግ ስኬል እኔ በበኩሌ ይመቸኛል።

እሺ፣ ደካማ ጎኑስ? ያ አንድ ነጥብ ነው።

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በሁሉም ቦታ አይደለም። እዚህ አዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብለን፣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድንች ሲቀቀል የሚቆየው፣ ባቄላው እንቢ የሚለው ለዚህ ነው። የአየሩ ጫና ስለሚያንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ደሊል ቴርሞሜትሩን እንጦጦ ላይ ሠርቶት ቢሆን ዜሮው ከፒተርስበርጉ ዜሮ 12 ዲግሪ በላይ ይርቅ ነበር። ከዚያ ዜሮ የሚቆጠረው ሁሉ አብሮ ይንሸራተታል። በአንድ ከተማ ውስጥም ቢሆን የአየር ጫና ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ የሁለት ቀን ሥራ አይገጥምም። መፍላት ከአየር ጫና ጋር እንደሚለዋወጥ ፋራናይት በ1724 ጽፎ ነበር። በዚያ ላይ የሜርኩሪውን መጠን ከመቶ ሺህ አንድ ድረስ ማወቅ ቱቦው ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት እንዲኖረው ይጠይቃል። በጊዜው ብርጭቆ በአፍ ነበር የሚነፋው። የማይሆን ነገር ነው።

ያስተካከለው ሌላ ሰው ነው። ዮሲያስ ቫይትብረሽት ይባላል። ጀርመናዊ ነው፣ የአካዳሚው አባል። ሙያው የአካል ጥናት ነው፤ ስለ ሰው መገጣጠሚያ ጅማቶች የጻፈው መጽሐፍ በሕክምና ታሪክ ይታወቃል። እሱ በ1738 ሁለተኛ ነጥብ ጨመረ። መፍላት ዜሮ ይሁን፣ የበረዶ ነጥብ 150 ይሁን፣ መሃሉ እኩል ይከፈል አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ሠራተኛ ሊሠራው የሚችል ቴርሞሜትር ሆነ። ዛሬ «የደሊል ስኬል» የምንለው በትክክል ከተነገረ የሁለት ሰው ሥራ ነው። የሁለተኛው ስም ግን ቀረ።

ደሊል ቴርሞሜትሮቹን ለሥራ ባልደረቦቹ ይልክ ነበር። አንዱ የደረሰው ስዊድን፣ ኡፕሳላ ላለ ሌላ የከዋክብት ሰው ነው። አንደርስ ሴልሲየስ።

አዎ፣ እሱ። ሴልሲየስ በ1742 የራሱን ስኬል አወጣ። መፍላት ዜሮ፣ በረዶ 100። በትክክል ሰምታችኋል። የመጀመሪያው የሴልሲየስ ስኬልም የተገለበጠ ነበር። ከደሊል እንደወሰደው መገመት አይከብድም፤ ዕቃው እጁ ላይ ነበር። ሴልሲየስ በሠራው ሙከራ የበረዶ ነጥብ ከቦታ ቦታ እንደማይለወጥ፣ የመፍላት ነጥብ ግን በአየር ጫና እንደሚለወጥ ለክቶ አሳየ። ለእኔ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው፤ መቶ ላይ መከፋፈሉ አይደለም። በ1744 ሞተ። ስኬሉ የተቃናው ከሞተ በኋላ ነው። በ1745 የዕፅዋት ሊቁ ሊኔየስ ዛሬ በምናውቀው አቅጣጫ የተሠራ ቴርሞሜትር ይጠቀም ነበር። ፈረንሳይ አገር ሊዮን ውስጥ ክሪስተን የሚባል ሰው ደግሞ ለብቻው በ1743 ተመሳሳዩን ሠርቷል። ስለዚህ በደሊል የሚስቅ ሰው መጀመሪያ በሴልሲየስ ይሳቅ።

የደሊል ቴርሞሜትር እውነተኛ ፈተናው ሳይቤሪያ ነበር። ከ1733 ጀምሮ ሩሲያ ወደ ምሥራቅ ትልቅ የጥናት ጉዞ ላከች። መሪው ቤሪንግ ነው። ሊቃውንቱ ቴርሞሜትር ይዘው ሄዱ፣ በየከተማው የአየር ሁኔታ የሚመዘግብ ሰው እያቋቋሙ አለፉ። ከሊቃውንቱ አንዱ ግሜሊን በ1735 ጥር የኒሴይስክ ላይ ሜርኩሪው እጅግ ሲወርድ አየ። ወፎች ከአየር ላይ ይወድቁ እንደነበር ጽፏል። የመዘገበው ቁጥር በፋራናይት ከዜሮ በታች 120 ነው። በሴልሲየስ ከዜሮ በታች 84 ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ ያነበበ ሁሉ አፉን ያዘ።

ቁጥሩ ግን ውሸት ነበር፤ የዋሸው ሜርኩሪው ነው። ሜርኩሪ ከዜሮ በታች 39 ሴልሲየስ ገደማ ላይ ይረጋል። በደሊል 208 ነው። ሲረጋ ደግሞ በድንገት ይኮማተራል፣ በቱቦው ውስጥም ቁልቁል ይወርዳል። ተመልካቹ የአየሩን ብርድ ያነበበ ይመስለዋል፤ የሚያነበው የጠጠረ ብረት ነው። ሜርኩሪ ይጠጥራል ብሎ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም። ፈሳሽነት ተፈጥሮው ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

እውነቱ የወጣው በ1759 ታኅሣሥ፣ እዚያው ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ነው። ብራውን የሚባል የአካዳሚው ሰው በጣም በቀዘቀዘ ቀን በረዶና ናይትሪክ አሲድ ቀላቀለ። ውህዱ ከውጪው አየር በጣም የባሰ ይቀዘቅዛል። የደሊል ቴርሞሜትሩን ነከረበት። ሜርኩሪው ወርዶ ወርዶ ቆመ፤ ቢያነቃንቁት አልነቃነቅ አለ። ሩሲያዊው ሊቅ ሎሞኖሶቭም አብሮ ሙከራውን ደገመ። ብርጭቆውን ሰብረው የረጋውን ሜርኩሪ በመዶሻ ቀጠቀጡት፤ እንደ እርሳስ ተጠፈጠፈ። ሜርኩሪ እንደ ሌላው ሁሉ ብረት መሆኑ በዚያ ሙከራ ታወቀ። የሚረጋበትን ትክክለኛ ዲግሪ ለማግኘት ግን ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። ሃቺንስ በካናዳ ሃድሰን ቤይ፣ ካቨንዲሽ ለንደን ላይ ሆነው በ1783 ነው ያረጋገጡት።

ሎሞኖሶቭ በነገራችን ላይ ደሊልን ገልብጦ ይጠቀም ነበር። በረዶ ዜሮ፣ መፍላት 150። 150ውን ወደዳት፣ አቅጣጫውን አልወደደውም።

ስለ ሰውየው ጥቂት ልበልና ላብቃ፤ ሕይወቱ ዕድል የጎደለው ነው። በ1740 ፕላኔቷ ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት እስከ ሳይቤሪያ፣ እስከ ቤሬዞቭ ድረስ በዚያ መንገድ ተጓዘ። ቀኑ ሲደርስ ሰማዩ ደመና ሆነ። ምንም አላየም።

የካርታው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ለቤሪንግ ጉዞ ያዘጋጀው ካርታ ከካምቻትካ ደቡብ ምሥራቅ አንድ ምድር ያሳይ ነበር፤ የጋማ ምድር የሚባል። ምድሩ የለም። በ1741 መርከቦቹ እሱን ሲፈልጉ ውድ ቀኖች አቃጠሉ። ቤሪንግ ከጉዞው አልተመለሰም፤ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ሞተ። የደሊል ግማሽ ወንድም ሉዊ ደ ላ ክሮዬርም በሌላው መርከብ ላይ በስኮርቪ በሽታ ታሞ ካምቻትካ ወደብ ሲገቡ ሞተ። ከመኮንኖቹ አንዱ ቫክሰል ያንን ካርታ እስከ መጨረሻው ይቅር አላለም። እውነት ለመናገር እኔም በቫክሰል አልፈርድም። ያልተረጋገጠ ምድር ካርታ ላይ ማስፈር ከተገለበጠ ዲግሪ በጣም የከፋ ጥፋት ነው።

ደሊል በ1747 ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ረዳቱ ሜሲዬ ነበር፤ የዛሬ የሰማይ ተመልካቾች ሁሉ ስሙን ያውቃሉ። የሃሌይ ጅራታም ኮከብ የምትመለስበት ጊዜ ሲደርስ ደሊል የምትታይበትን ቦታ የሚጠቁም ካርታ ሠራለት። ቦታው ልክ አልነበረም። ሜሲዬ ከአንድ ዓመት በላይ የተሳሳተ ሰማይ ሲያስስ ከረመ። ፓሊች የሚባል የሳክሶኒ ገበሬ በ1758 በፈረንጆቹ የገና ቀን ቀድሞ አያት። ሜሲዬ ካገኛት በኋላም ደሊል ለተወሰነ ጊዜ እንዳይናገር ከለከለው። በ1761 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ግን የደሊል ዕቅድ ሠራ። ተመልካቾች የት የት መቆም እንዳለባቸው የሚያሳየውን የዓለም ካርታ አዘጋጅቶ ለብዙ አገር ሊቃውንት ላከ። የፀሐይን ርቀት ለማስላት የተጠቀሙበት አንዱ መንገድ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በ1768 ሞተ።

ስኬሉ ከእሱ በኋላ ሩሲያ ውስጥ ረጅም ጊዜ ኖረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሬኦሚር ስኬል ተካው፤ በኋላም ሴልሲየስ መጣ። ያም ሆኖ ደሊል ጨርሶ አልጠፋም። የሴንት ፒተርስበርግ የዕለት ተዕለት የሙቀት መዝገብ ከ1743 ይጀምራል፤ በዓለም ላይ ካሉት ረጃጅሞቹ አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በደሊል ዲግሪ ነው የተጻፉት። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም እነዚያን ቁጥሮች መመለስ አለባቸው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከ150 ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትቀንሳላችሁ፣ የቀረውን በሁለት ሦስተኛ ታባዛላችሁ። 180 ካለ ሲቀነስ 20 ነው። 135 ካለ 10 ዲግሪ ነው፤ ያን ቀን ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ኔቫ ሳይቀልጥ አልቀረም።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።